ከሽጉጡ በፊት ያለው ቴዎድሮስ የት ገባ?

ወረታ መገንጠያ ላይ ቆማችሁ ታውቁ እንደሆነ አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ደብረ ታቦርን፣ ጋይንትን፣ ወልድያን ይላል። ባጃጁና አይሱዙው እዚያ ላይ ይተራመሳል። ከመካከላቸው የዐፄ ቴዎድሮስን ምስል የለጠፈ አይጠፋም። ሹሩባው ያው ነው፣ ቁጣውም ያው ነው። ሰውየው ግን በምን ምክንያት እዚያ ቁጣ ላይ እንደደረሰ ምስሉ አይናገርም። ምስሉስ ምስል ነው፣ አይፈረድበትም። እኔን የሚያሳስበኝ መድረካችንም እንደ ባጃጁ መስታወት እየሆነ መምጣቱ ነው።

ፈረንጆቹ ሐምሌትና ማክቤዝ አሏቸው። እኛ ቴዎድሮስ አለን። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ቴአትር አድርጎ ጻፈው። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለእናቱ»ን አስነበቡን። ሐምሌትንና ኦቴሎን ወደ አማርኛ ያመጣው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቴዎድሮስን መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ በኋላ በአማርኛ ለመድረክ አበቃው። ጌትነት እንየውም በ2000ዎቹ ዓመታት «የቴዎድሮስ ራእይ»ን በብሔራዊ ቴአትር አሳየን። እንግዲህ ይህን ያህል ብዕር የተረባረበበት ሌላ ንጉሥ ማን አለ?

ከተዋንያኑ የሰው ልብ ውስጥ የቀረው ፍቃዱ ተክለ ማርያም ነው። ሐምሌ 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ያረፈ ጊዜ ስንቱ ሰው «ቴዎድሮስ ሞተ» እያለ አለቀሰ! ያ ድምፅ ሲቆጣ ያስደነግጣል፣ ዝቅ ሲል ደግሞ የሚያለቅስ ሰው ይመስላል። ለዚህ ገጸ ባሕርይ የሚያስፈልገው ይኸው ሁለቱን በአንድ ጉሮሮ መያዝ ነበር። ፍቃዱ ይዞታል። ተመልካቹ ግን (እኔም ጭምር) ይዞ ወደ ቤቱ የገባው የመጨረሻዋን ደቂቃ ብቻ ነው፤ መቅደላን፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ሽጉጡን።

በየትምህርት ቤቱ የሚታየውን ቴዎድሮስ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሹሩባው የጥቁር ክር ጉንጉን፣ ሽጉጡ የእንጨት ነው። አንዱ ከመጋረጃ ጀርባ ቆርቆሮ ይመታል፣ ንጉሡ ይወድቃል፣ አዳራሹ በፉጨት ይናጋል። ፎገራ ላይ እንዲህ ያለውን ስመለከት አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አላጨበጨቡም። እህል የተወሰደው መቼ ሊታይ ነው ብለው ጠየቁኝ። ምን ልመልስላቸው?

እስቲ ነገሩን ከመነሻው እንየው። ይህ ሰው በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ዘውድ ሲጭን ከዘመነ መሳፍንት ጌቶች የለየው አንዱ ነገር ለገበሬው ማሰቡ ነበር። ወታደሩ ደመወዝ ይከፈለው፣ ገበሬውን አይዝረፍ፣ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ ይመለስ አለ። በኋላስ? አገሩ በያለበት ሸፈተበት። ግዛቱ እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ በእጁ የቀረው ከደብረ ታቦር ዙሪያና ከመቅደላ ብዙም የማያልፍ ነበር። ሠራዊት ደግሞ ይበላል! ከማን ጎተራ? ከቅርቡ ነዋ! ከበጌምድር ገበሬ፤ ጣና ዳር ካለው ለም አገር። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተቃጠለች። ከፎገራ ብዙም በማትርቀው በምጥራሐ ደሴትም ሰው ከነቤቱ መቃጠሉን የንጉሡ እስረኛ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፏል። እስረኛ ስለ አሳሪው ሲጽፍ ያጋንናል ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ይሁን። የጎንደርን ቃጠሎስ ማን ያጋነነው ነው?

ዘረፋን የከለከለው ሰው ዘራፊ ሆነ። አሳዛኝ ድራማ ማለት እኮ ይኸው ነው! ጀግናው በእንግሊዝ መድፍ ቢሞት ኖሮ አደጋ ይባል ነበር። እሱ ግን ናፒየር ከመድረሱ በፊት በገዛ እጁ ወድቋል፤ ሽጉጡ የጨረሰው የተጀመረውን ነው። ይህን ቆርጦ ጥሎ ሽጉጡን ብቻ የሚያሳይ ቴአትር የመንግሥት በዓል ማድመቂያ ነው የሚሆነው። ባለሥልጣን ደግሞ ይህንን ይወደዋል። ደርግም ቴዎድሮስን አወድሷል፣ ከዚያ በኋላ የመጡትም ስሙን ለየራሳቸው ጉዳይ ጠርተውታል። «አገር አንድ አደርጋለሁ» የሚለውን ሰምተው ያጨበጭባሉ፤ «ገበሬው ምን በላ?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ግን መብራቱ ይጠፋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ምግብ የሚጠይቀው ማንን እንደሆነ ለፎገራ ገበሬ ማስረዳት አያሻም።

የሰው አገር ሥራ ልጥቀስ። ጃፓናዊው ኩሮሳዋ በ1957 እ.ኤ.አ. ማክቤዝን «የደም ዙፋን» ብሎ ፊልም ሲያደርገው ቶሺሮ ሚፉኔ ዋናውን ሆኖ ተጫወተ። በመጨረሻ የገዛ ወታደሮቹ ቀስት ያዘንቡበታል። ቀስቶቹ እውነተኛ ነበሩ፤ በተዋናዩ ፊት ላይ ያለው ፍርሃትም የማስመሰል ብቻ አልነበረም። ሰውየው ነፍሰ ገዳይ ነው፣ ተመልካቹ ይህን አንድ ደቂቃ እንኳ አይረሳም። ቢሆንም ያዝንለታል። ሚፉኔ ኃጢአቱን ስላልደበቀለት ነው ያዘንንለት። ታዲያ የእኛ ተዋናይ ቴዎድሮስን አጥቦ፣ አሽሞንሙኖ የሚያቀርብልን ምን ፈርቶ ነው? ሕዝቡ ይቀየመኛል ብሎ ከሆነ፣ የቱ ሕዝብ?

ማየት የምፈልገውን ትዕይንት ልንገራችሁ። ጊዜው ጥቅምት 1860 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥሎ ወጥቷል። በጋፋት የተሠራውንና 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ይጎትታል። መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ሊፈጅ ነው። ንጉሡ ወርዶ ከመንገዱ ላይ ድንጋይ በገዛ እጁ ያነሣል፤ ይህን ማድረጉ ተጽፏል። መንገዱ ዳር ጎተራው የተራቆተ ገበሬ ቆሞ ያየዋል። ሁለቱ ይተያያሉ፤ ንግግር የለም። እዚህ ላይ ነው ተዋናይ የሚለየው። መፎከር ማንም ይፎክራል፣ ድንጋይ ታቅፎ ያንን ገበሬ ቀና ብሎ ማየት ግን ይከብዳል።

ብሔራዊ ቴአትርም ሆነ ሌላ ይህን ገጸ ባሕርይ እንደገና የሚያነሣው ካለ፣ ከአዲስ አበባ አዳራሽ በፊት ወረታ ይምጣ። ከተማዋ ለሩዙ ብሔራዊ የምርምርና የሥልጠና ማዕከል ተሠርቶላታል፤ ለቴዎድሮስ አዳራሽ ከጠፋ አውድማ አለ። ሩዙ ተወቅቶ ከተሰበሰበ በኋላ ሜዳው ባዶ ነው። ያንን ገበሬ ሆኖ የሚቆም ሰውም ከዚያው ከፎገራ አይጠፋም።