በሩ ለምን ተላገ?

አምና ጥር ላይ የእህቴ ልጅ ከከላላ ወደ ደሴ ተዛወረ። ዝውውር ከጠየቀ ሦስት ዓመት ሆኖት ስለነበር ደብዳቤው እጁ እንደገባ ዕቃውን ሸክፎ ተነሳ። አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ እናቱ የቋጠረችለት ቆሎና በሶ፣ አንድ ባዶ ጀሪካን። የጉጉፍቱን ብርድ ተሻግሮ ደሴ መናኸሪያ ሲወርድ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ሰኞ ሥራ ይጀምራል።

«እኔ ዘንድ ሁለት ሦስት ሳምንት ተቀመጥና ተረጋግተን እንፈልጋለን» አልኩት።

«አይ ጋሼ፣ ልጆቹ ያጠናሉ፣ ቤቱም አይበቃም። ዛሬውኑ አንድ ክፍል ብናገኝ ይሻላል።»

ይሉኝታው ስለገባኝ አልተከራከርኩትም። ደላላ ጠራን። ደላላው ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሦስት ክፍል አሳየን። ሁለቱ ለዋናው መንገድ ቅርብ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን በጀማሪ ደመወዝ የሚቀመስ አይደለም። ሦስተኛው ሽቅብ፣ ጦሳ እግር ስር ነው። ባጃጁ መታጠፊያው ላይ አወረደንና የቀረውን በእግር ወጣነው። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ግቢው ጸጥ ያለ ነው። ኪራዩ ከሌሎቹ በብዙ ይቀንሳል። ባለቤቱ የስድስት ወር ቅድሚያ ነው የሚፈልጉት። «ዛሬ ካልያዛችሁት ነገ አታገኙትም» አለ ደላላው፤ «ጠዋት ሌላ ሰው ሊያየው ቀጠሮ አለው።» የልጁ ፊት ሲፈካ አየሁ።

ገንዘቡ እየተቆጠረ ሳለ ዓይኔ በሩ ላይ አረፈ። ሙሉው ቡናማ ቀለም የተቀባ የእንጨት በር ነው። የላይኛው ጠርዙ ላይ ግን ቀለም የለም፤ ነጩ እንጨት ይታያል። በቅርቡ ተልጓል። ያውም አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ የተላገ ነው፤ አንዱ ጥግ ከሌላው በሁለት ጣት ያህል አንሷል። ደሴ ከሃያ ዓመት በላይ ስለኖርኩ እንዲህ ያለ በር ምን እንደሚናገር አውቃለሁ። መሬቱ ሲንሸራተት ግድግዳው ያዘነብላል፤ መቃኑ ይጣመማል፤ በሩ አልዘጋ ይላል። ባለቤቱ መሬቱን ማቆም ስለማይችል በሩን ይልጋል።

አየሁ፤ አውቄም ዝም አልኩ። መሽቷል፣ ልጁ ደክሞታል፣ ዋጋው ተስማምቶታል። በሰው ፊት «አይሆንም» ብዬ ደስታውን ማደፍረስ ከበደኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ዝምታዬ ነው፤ ብዕር ያነሳሁትም ስለዚሁ ነው።

ደሴን የሚያውቅ ሰው አቀማመጧን ያውቃል። በአንድ በኩል ጦሳ፣ በሌላው በኩል አዝዋ ገደል፣ መሐል ለመሐል ቦርከና። ሜዳው ጠባብ ነው፤ እሱም ቀድሞ ተይዟል። ኋላ የመጣ ሰው ወደ ተዳፋቱ ይወጣል። የመሬት መንሸራተትም ሆነ ከተራራ የሚወርድ ጎርፍ ለዚህች ከተማ እንግዳ አይደለም፤ ምሁራን አጥንተውታል፣ ነዋሪውም ክረምት በመጣ ቁጥር በግድግዳው ስንጥቅ ያነበዋል። የቱ ሰፈር እንደሚሰነጠቅ፣ የቱ ቱቦ እንደሚሞላ፣ የቧንቧ ውኃ በየስንት ቀኑ በፈረቃ እንደሚመጣ እኛ ነባሮቹ እናውቃለን። የማያውቀው ትናንት የገባው ነው። እሱ የሚጠይቀው ደግሞ ደላላውን ነው። ደላላ ገንዘቡን የሚያገኘው ቤቱ ሲከራይ እንጂ ሰው ሲኖርበት ነው እንዴ?

ሐምሌ ውስጥ አንድ ሌሊት ሲዘንብ አድሮ ሊነጋጋ ሲል ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ፣ በሩ አልከፈት አለኝ።» እየሮጥኩ ሄድኩ። ያ ደረቅ መውጫ አሁን ጭቃ ሆኗል፤ ባጃጅ ወደዚያ ዞር ብሎም አያይም። እኔ ከውጭ በትከሻዬ፣ እሱ ከውስጥ እየሳበ፣ ጎረቤት ያመጣውን ዲጅኖ በስንጥቁ አስገብተን ከብዙ ትግል በኋላ በሩ ተላቀቀ። ከመስኮቱ ሥር የጀመረ ስንጥቅ ግድግዳውን ሰያፍ ቆርጦ ጣሪያ ደርሷል፤ ልጁ ብርድ እንዳይገባ ፌስታል ወትፎበታል። ከወለሉ ጥግ ውኃ ይመነጫል። ፍራሹን በሁለት ወንበር ላይ ሰቅሎ እሱ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ነው ያደረው። በሩ እንደዚያ ተጣብቆ ሳለ ሌሊት ላይ ግድግዳው ቢደረመስ ኖሮ በየት በኩል ሊወጣ ነበር?

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ የማስበው አንድ ነገር አለ። ያን ቅዳሜ ምን ጠየቅን? ስንት ነው? መብራቱ የብቻ ቆጣሪ አለው? ባለቤቶቹ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ? ስለ ክፍሉ ሁሉን ጠየቅን፤ ስለ ሰፈሩ ምንም። ልጁ እኮ ይህን የማያውቅ አይደለም። እኛ አገር፣ ከላላ ላይ ጎጆ የሚቀልስ ሰው ቦታውን በክረምት ነው የሚመርጠው። ጎርፉ በየት እንደሚወርድ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ የጠዋት ፀሐይ የቱ ላይ እንደምታርፍ ያያል። እስከ ምንጩ ያለውን መንገድ በእግሩ ይለካል። አዛውንት ጠርቶ ያማክራል፤ «እዚህ ጋ ድሮ ውኃ ይተኛበት ነበር» ካሉት ይተወዋል። የእህቴ ልጅ አባቱ ቤት ሲሠራ ይህን ሁሉ አይቶ ያደገ ልጅ ነው። ከተማ ሲገባ ግን «ይህ የአገር ቤት እውቀት ነው፤ እዚህ አይሠራም» ያለው ያለ ይመስል ሁሉን መናኸሪያው ላይ ጥሎት መጣ። የከተማ መሬት ከከላላ መሬት በምን ይለያል? ውኃ ያው ቁልቁል ነው የሚፈሰው።

አዲስ አበባ የሚወርዱት ልጆቻችንም ታሪካቸው ከዚህ አይርቅም። የመካነ ሰላም ልጅ የሆነች አንዲት ወጣት አውቃለሁ። ሥራዋ ፒያሳ አካባቢ ነው፤ ክፍሉ ርካሽ ነው ተብላ ቱሉ ዲምቱ ተከራየች። በኪራይ ያተረፈችውን በትራንስፖርት ትከፍላለች፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ ትሰለፋለች፤ ማታ ስትገባ ጎረቤቶቿ በራቸውን ዘግተዋል። አንድ ዓመት ኖራ የፊት ለፊቷን ሰው ስም አታውቅም። ታመው ቢተኙ ውኃ የሚያቀብል ሰው ከሌለ፣ የኪራዩ መርከስ ምን ይፈይዳል? የባሰውንም አይተናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ቆሻሻ ክምር ሲናድ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል። ከክምሩ ሥር ይኖሩ የነበሩት ሌላ ቦታ ለመኖር አቅም ያልነበራቸው ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ «ለምን እዚያ ተከራየህ?» ብሎ ተከራዩን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሠራተኛውን የሚያመጣው መሥሪያ ቤትም ድርሻ አለው። የአዲስ አበባው ሰፈር ካዛንቺስ ስሙ በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው መሥሪያ ቤት ስም የመጣ ነው። ወራሪው ያሰበው ለራሱ ሰዎች እንደነበር አልረሳሁም። ግን ሠራተኛን ከሩቅ አምጥቶ የሚያሠራ አካል ሠራተኛው የት እንደሚያድር ማሰብ እንዳለበት ያኔም ይታወቅ ነበር። የእህቴ ልጅ የዝውውር ደብዳቤ ሥራ የሚጀምርበትን ቀን ይናገራል፤ በስንት ቀን ሪፖርት ካላደረገ ምን እንደሚደረግም ይናገራል። ማደሪያን በተመለከተ አንድ ቃል የለውም። የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው «እዚህ አካባቢ ፈልግ፣ እዚያ ግን ክረምት ያስቸግራል» ቢለው ምን ያህል ወጪ ይጠይቅ ነበር? ለሥራ ማስተዋወቂያ ተብሎ ግማሽ ቀን ስለ ሰዓት ፊርማ ይነገረዋል፤ ስለ ከተማዋ ሩብ ሰዓት መንገር ይከብዳል?

ሕጉም ቢሆን ተጽፏል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ልጁ ግን ስድስት ወር ከፍሏል። ያን ገንዘብ መክፈሉ ነው ከጥር እስከ ሐምሌ ያሰረው። በየካቲትና በመጋቢት የበልግ ዝናብ ስንጥቁ ገና ፀጉር ሲያህል አይቶት ነበር፤ «ከፍያለሁ፣ የት እሄዳለሁ?» ብሎ ዝም አለ። ቅድሚያ ክፍያ ኪስን ብቻ ሳይሆን እግርንም እንደሚያስር የተረዳሁት ያኔ ነው።

ነገሩ በጎ ሆኖ ያየሁበት ቦታም አለ። መካነ ሰላም ላይ፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከተከፈተ ወዲህ ከየአገሩ መምህራን ይመጣሉ። አንድ ጊዜ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ሳለ ሻንጣውን የያዘ ወጣት መጣና የሚከራይ ቤት ጠየቀ። ባለሱቁ ሱቁን ለልጁ ትቶ እሱን ይዞ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ «ሦስት ግቢ አሳየሁት። አንደኛው ጉድጓዱ ክረምት ይሞላል ብዬ አስተውኩት። ሁለተኛው ደህና ነው፤ ሰዎቹ ግን ማታ ማታ ይጨቃጨቃሉ። ሦስተኛው ጋ አሮጊቷ ብቻቸውን ናቸው፤ ለሳቸውም ሰው ይሆናቸዋል» አለኝ። አምስት ሳንቲም አልተቀበለም። እንዲህ ያለውን ምክር በገንዘብ የሚሸጥ ደላላ የት ይገኛል?

ሰፈር ሲባል ለእኔ እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ነው። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲደርስ እኛ ልጆቻችንን ይዘን ስንወጣ፣ የቤቴን ቁልፍ ለማን ሰጠሁ? «እኔ በዚህ እድሜዬ ወዴት እሄዳለሁ፣ እዚሁ ያለው ያውጣኝ» ብለው ለቀሩት ጎረቤቴ። ስንመለስ ቁልፉ ከነጠላቸው ጫፍ ላይ እንደተቋጠረ ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል ስሰማ ያንን ቋጠሮ ነው የማየው። ቤት ሲፈለግ ይህን በስንት ካሬ ይለኩታል?

ነሐሴ ላይ የእህቴን ልጅ ይዤ እንደገና ወጣሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሆን ብለን በዝናብ። ጠዋት አንዴ፣ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ አንዴ። ወለል ስናይ ከጥግ ጀምረን፣ ግድግዳ ስናይ ከመስኮት ሥር ጀምረን። ቧንቧ ዘንድ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉትን ሴቶች ነበር የጠየቅናቸው። አንዲት እናት ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «ልጄ፣ ያንኛውን ቤት ተወው፤ ባለፈው ክረምት ከውስጡ በባልዲ ነው ውኃ ሲቀዱ የከረሙት። አብሽር፣ እኔ የማውቀው አለ» ብለው የእድራቸው አባል የሆኑ ባልና ሚስት ግቢ ወሰዱን። ኪራዩ ከፊተኛው ይበልጣል። ብቻውን ስለማይችለው ከአንድ ሌላ ሠራተኛ ጋር ደባል ሆነው ገቡ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ በሩ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ቀለም ነው፤ ከመቃኑ ጋር ገጥሞ ይዘጋል።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ በዚያው በጦሳ እግር ስር ባለው መንገድ አለፍኩ። 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ያ ደላላ ከፊት፣ ፍራሽ የተሸከመ ልጅ ከኋላ፣ መሐል ላይ ሻንጣ የያዘች ወጣት። ወደዚያው ግቢ ገቡ። ተከትያቸው ገባሁ።

«እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ከየት ነው?»

«ከወግዲ፣ ለሥራ ተዛውሬ ነው።»

«ከፍለሻል?»

«ገና ነኝ፣ አሁን ልከፍል ነው።»

ደላላው በዓይኑ ገረመመኝ። ግድግዳው ዳግም ተቀብቷል፤ ስንጥቁ ተደፍኗል። በሩም ከላይ እስከ ታች ቡናማ ነው። ጠጋ አልኩና «እስቲ እዚህ ጋ፣ ላይኛው ጠርዙን ዳሺው» አልኳት። በእግሯ ጣት ቆማ እጇን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው አሳለፈች። እጇ ወደ ታች ወረደ። ጣቶቿን ስታያቸው ቡናማ ቀለም ነክቷቸዋል፤ ገና አልደረቀም።

ወደ ደላላው ዞረች። «ይሄ በር ለምንድን ነው የተላገው?» አለችው።