ከመሬት በታች የተቀበረ ነዳጅ፦ ድርብ ቧንቧ ብቻውን ዋስትና ይሆናል?

እአአ በ2015 በኬንያ ማኩዌኒ ግዛት የታንጌ ነዋሪዎች ውሃቸው በነዳጅ ተበከለ። ምንጩ ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ የተዘረጋው፣ በ1978 ሥራ የጀመረው መስመር ነበር። ከዚያ በፊት በ2011 ናይሮቢ ሲናይ መንደር ወደ ፍሳሽ ቦይ የገባ ነዳጅ ተቀጣጥሎ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

አደጋዎቹ የደረሱት በዋና ማስተላለፊያዎች ላይ ነው። ሆኖም በየከተማው ማደያዎች ከማጠራቀሚያ ወደ መቅጃ የሚሄዱት ቧንቧዎችም ከዓይን የተሰወሩ ናቸው።

ለዚህ የተቀየሰው መፍትሔ ድርብ ግድግዳ ያለው ቧንቧ ነው። የውስጠኛው ቢያፈስ የውጨኛው ነዳጁን ይይዛል፤ ነዳጁም በተዳፋቱ ወርዶ መሰብሰቢያ ጉድጓድ ውስጥ ሲጠራቀም ጠቋሚ መሣሪያ ያስጠነቅቃል።

ጉድጓዱ ከተሰነጠቀ ግን ነዳጁ ጠቋሚው ጋር ሳይደርስ አፈር ውስጥ ይሰርጋል። የዝናብ ውሃ ከገባበት ደግሞ ማስጠንቀቂያው በከንቱ ስለሚጮኽ ሠራተኞች ችላ ማለትን ይለምዳሉ።

የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ለዚህ ክትትል የሚያገለግሉ ጉድጓዶች በጥቅሉ ቢያንስ በየ3 ዓመቱ፣ ጠቋሚዎች ደግሞ በየዓመቱ እንዲፈተሹ ያዛል። ከተለመዱት ዘዴዎች አንዱ ቀላል ነው፦ ጉድጓዱን ውሃ ሞልቶ ከፍታው መቀነሱን መለካት። በግድግዳዎቹ መካከል ያለው ክፍተትም በአየር ግፊት ይፈተሻል።

ፍተሻ ለሰዓታት ሽያጭ ያስተጓጉላል። የተበከለ የከርሰ ምድር ውሃን ማጽዳት ግን ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ ተቆጣጣሪዎች ድርብ ቧንቧ መኖሩን ብቻ ሳይሆን መቼ እንደተፈተሸ ሊጠይቁ ይገባል።