ደም ሳይፈስ እንሸማገል

ለዚህች ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ባለፈው የዕረፍት ጊዜ አገሬ ጎብዬ ሄጄ ያየሁት ገመድ ነው። ገመዱ ከአንድ ግራር እስከ አንድ ቤት አጥር ድረስ መንገዱን አቋርጦ ተወጥሯል። መሐሉ ላይ ቀይ ፌስታል ተንጠልጥሎበታል። ያሰሩት የሰፈራችን እናቶች ናቸው። «ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቅ አንዲት ጎረቤታችን «ምን እናድርግ ልጄ፣ ልጆቻችንን ሊጨርሱብን ነው እኮ!» አሉኝ።

ጎብዬን ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። ከወልድያ ወደ ቆቦ ስትሄዱ ዋናው አስፋልት መሐል ለመሐል ሰንጥቋት የሚያልፍ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ የሚሄድ መኪና በእኛ በር ያልፋል። በገበያ ቀን ታዲያ ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ጋሪውና ሸማቹ አስፋልቱን ሲሞላው የቸኮለ ሁሉ ወደ ውስጥ ለውስጡ ኮረኮንች ይታጠፋል። ባጃጁም፣ አይሱዙውም። ይህ ኮረኮንች ግን ልጆች ኳስ የሚራገጡበት፣ እናቶች ማሽላ የሚያሰጡበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት ቡና የሚጠራራበት ነው። ለሾፌሩ አቋራጭ ነው፤ ለእኛ ደጃፋችን ነው።

«መኪና ጠላችሁ እንዴ?» የሚለን ሰው አለ። አልጠላንም። ጎብዬ ከመንገዱ የምትበላ ከተማ ናት። ሻይ ቤቱም፣ ጎሚስታውም፣ የእህል ነጋዴውም የሚኖረው በሚያልፈው መኪና ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደርሶብን መንገዱ ሲዘጋ፣ መኪና የሌለበት አስፋልት ምን ማለት እንደሆነ አይተነዋል። ያ ዝምታ ሰላም አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄያችን መኪናው ለምን መጣ አይደለም። በየት በኩልና በምን ፍጥነት ይለፍ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። ዶናልድ አፕልያርድ የተባለ ምሁር በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ሦስት ተመሳሳይ የሰፈር መንገዶችን አጥንቶ ነበር። መኪና በሚበዛበት መንገድ ላይ የሚኖሩት ሰዎች፣ ጥቂት መኪና በሚያልፍበት ከሚኖሩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በመንገዳቸው ላይ ያሏቸው ወዳጆች ሲሶ ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ይህን ሳነብ የእኛ ሰፈር ቡና ነው ትዝ ያለኝ። መንገዱን ለመሻገር የፈራች እናት የማዶዋን ጎረቤቷን ቡና አትጠራም። በሆላንድ ደግሞ የደልፍት ከተማ ሰዎች በሰፈር መንገዶቻቸው ላይ ዛፍ፣ አግዳሚ ወንበርና ጠመዝማዛ መተላለፊያ አድርገው መኪናው በእግረኛ እርምጃ እንዲሄድ አስገደዱት። በ1976 (እ.ኤ.አ.) አሠራሩ የአገሪቱ ሕግ ሆነ። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» ተብሎ አንዳንድ መንገዶች በእሑድ ቀን ለእግረኛ ተለቀው ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው። የጎብዬ ልጅ ግን ኳስ የሚጫወተው እሑድ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ገመዱ ልመለስ። የእናቶቹ ጭንቀት ይገባኛል፤ ገመዱን ግን አልደግፍም። በጨለማ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ወጣት ቀዩን ፌስታል አያየውም። ምጥ የያዛትን ሴት የሚወስድ አምቡላንስ ገመድ ሲፈታ መቆም የለበትም። አንድ ሰሞን ድንጋይ መደርደርም ተሞክሮ ነበር። ሾፌሩ ወርዶ ድንጋዩን ያነሳና በንዴት የባሰ ይከንፋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ነው። ልጅ ይህን አያውቅም።

እኔን የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። በእኛ አገር መኪና ሰው ቢገድል ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ የሾፌሩ ቤተሰብ ይለምናል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ደም ይደርቃል። ደም ለማድረቅ ይህን ያህል የምናውቅበት ሰዎች፣ ደሙ ሳይፈስ መቀመጥ እንዴት አቃተን?

የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው። የሰፈሩ ቅሬ ይጠራ። ባጃጅ ነጂዎቹም ይጠሩ፤ ባዕድ አይደሉም፣ የራሳችን ልጆች ናቸው። ሁለት ሦስት የገበያ ቀን በዚያ ኮረኮንች ስንት መኪና፣ በስንት ሰዓት እንዳለፈ ተማሪዎች ይቁጠሩ። ቁጥር ይዞ የሄደን ሰው የሚመለከተው ክፍል በባዶ እጁ እንደሄደ ሰው አይመልሰውም። ከዚያ ከሩቅ የሚታይ፣ ቀለም የተቀባ የፍጥነት መቀነሻ በስምምነት ይሠራ። ትልልቅ መኪና እንዳይገባ መግቢያው ላይ ምልክት ይተከል። የገበያ ቀን አስፋልቱ ላይ የሚያስተናግድ ሰው ከቆመም የሚታጠፈው ይቀንሳል። ሰው የሚያቋርጠው ዋናው ሲጨናነቅ ነውና።

የመጨረሻው ቃሌ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነው። የትራፊክ አደጋ ዜና ስንጽፍ የለመድነው «ይህን ያህል ሰው ሞተ፣ ይህን ያህል ንብረት ወደመ» ብሎ መዝጋት ነው። እሱ ከደም በኋላ ያለው ዜና ነው። ገመዱ የታሰረ ዕለት የነበረውን ዜና ማን ጻፈው? እኔም ብሆን አይቼው አልፌ፣ ግቢ ከተመለስኩ በኋላ ነው ብዕር ያነሳሁት። ክረምት ስመለስ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ እዚያ ግራር ሥር እቀመጣለሁ፤ መኪና እቆጥራለሁ። እናንተስ በየሰፈራችሁ?

ቸር ይግጠመን።