ፌጅ የድሃ አገር መድኃኒት ነው

ፌጅ ስለሚባሉት ባክቴሪያ በል ቫይረሶች ወሬ ሲነሳ ባለሙያው ሳይቀር «ይሄ የሀብታም አገር ሕክምና ነው፤ እኛ ገና አሞክሲሲሊኑንም በአግባቡ አላዳረስን» ይላል። ትሕትና የሚመስለው ይህ አባባል ታሪክን የገለበጠ ነው። ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ ፌጅ ሊገድላቸው የሚችል፣ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ እንደገደሉ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ገምቷል፤ የሞቱ መጠን የከፋውም ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ነው።

ለመሆኑ ፌጅን ለዛሬ ያቆየው ማን ነው? ፌሊክስ ደሬል በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ግኝቱን በ1917 አሳወቀ። አንቲባዮቲክ ሲስፋፋ ግን ምዕራቡ ዓለም ፌጅን ረሳው። ያልረሳችው ጆርጂያ ናት። ጊዮርጊ ኤሊያቫ በ1923 በትብሊሲ የመሠረተው ተቋም፣ መሥራቹ በ1937 በስታሊን ዘመን ከተገደለ በኋላም ሥራውን ቀጠለ፤ ፌጁም ለሶቪየት ወታደሮች ተቅማጥና ቁስል ዋለ። ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ አገሪቱ በጦርነትና በመብራት እጦት ስትታመስም ባለሙያዎቹ ክምችቱን አልተዉትም፤ ዛሬም ሕሙማን ከውጭ አገር ሳይቀር ወደዚያ ይሄዳሉ። የፌጅ ጥሬ ዕቃ የወንዝና የፍሳሽ ውኃ ነው። ውኃው ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ ይጣራል፤ ከበሽተኛው የተገኘው ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ይጨመራል። ፌጁ ባክቴሪያው ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ አፈንድቶትም ይወጣል፤ በሳህኑ ላይ ጥርት ያሉ ነጠብጣቦች ከታዩ የሚፈለገው ተገኝቷል ማለት ነው። በ2016 በአሜሪካ ሳንዲያጎ አሲኔቶባክተር የተባለ ባክቴሪያ ሊገድለው የነበረውን ቶም ፓተርሰን የተባለ ሕመምተኛ ካዳኑት ፌጆች መካከል ከፍሳሽ የተገኙ ነበሩበት። ታዲያ የሀብታም አገር ነው የሚባለው ምኑ ነው?

ከከላላ ወይም ከመካነ ሰላም ቁስሉ አልድን ብሎት ደሴ ለሚላክ ሰው ትልቁ ችግር የያዘው ባክቴሪያ ሳይለይ መድኃኒት መፈራረቁ ነው። ጤና ጣቢያ ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ የመለየት ምርመራ፣ አይሠራም። «አንድ ፌጅ የሚገድለው አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ብቻ ስለሆነ ካልቸር ያስፈልጋል» ብሎ መከራከር እንግዲህ ፌጅን አይቃወምም፤ ያው ካልቸር ለአንቲባዮቲኩም ያስፈልጋልና። በአውሮፓ በቃጠሎ ቁስል ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2019 የወጣው ፋጎበርን የተባለው ሙከራም ቢሆን ለሕሙማኑ የደረሰው ፌጅ በማከማቻ ኃይሉን አጥቶ መጠኑ ከታቀደው እጅግ ያነሰ ነበር፤ የወደቀው ዝግጅቱ እንጂ ፌጁ አይደለም። ባክቴሪያው ፌጁንም ይለማመዳል፤ እውነት ነው። ሆኖም አዲስ አንቲባዮቲክ ለመሥራት ዓመታት ሲፈጅ አዲስ ፌጅ ግን ወደ ወንዝ ተወርዶ ይፈለጋል።

አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም በደሴ ቅርንጫፍ አለው። ሁለቱ ተቋማት ከሆስፒታል ፍሳሽና ከወሎ ወንዞች ፌጅ መሰብሰብ ዘንድሮ ይጀምሩ፤ ጤና ሚኒስቴርም በጀት ይመድብላቸው።