ስሌቱ ትክክል፣ መልሱ ስሕተት

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዝግመተ ለውጥ ታሪክ ብዙውን ጊዜ በሁለት ስሞች ይጠቃለላል፤ ላማርክ ተሳሳተ፣ ዳርዊን አረመው። ተማሪውም የቀጭኔን አንገት ምሳሌ ሸምድዶ ለፈተና ይቀመጣል። በእኔ እምነት ግን ከዚህ ታሪክ አንድ ሦስተኛ ሰው ጎድሏል፤ መጉደሉም የባዮሎጂውን ብቻ ሳይሆን የፊዚክሱንም ተማሪ ይጎዳል። ይህ ሰው የሙቀት መለኪያ አሐድ በስሙ የተሰየመለት ዊልያም ቶምሰን፣ ማለትም ሎርድ ኬልቪን ነው።

ላማርክ እ.ኤ.አ. በ1809 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እንስሳት አካላቸውን በመጠቀም ወይም ባለመጠቀም ያገኙትን ለውጥ ለልጆቻቸው ያወርሳሉ አለ። ዳርዊን በ1859፣ በአንድ ዝርያ አባላት መካከል ያሉ ጥቃቅን ልዩነቶች በተፈጥሯዊ ምርጫ ተጣርተው ከትውልድ ወደ ትውልድ ይከማቻሉ ሲል ጻፈ። መንገዳቸው ቢለያይም ሁለቱም እጅግ ረጅም ዘመን ያስፈልጋቸው ነበር። ዳርዊን በመጽሐፉ የመጀመሪያ እትም፣ በደቡብ እንግሊዝ የሚገኘው የዊልድ ምድር ተሸርሽሮ የዛሬ መልኩን ለመያዝ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ፈጅቷል ብሎ ገምቶ ነበር። ግምቱ ብርቱ ትችት ስለ ደረሰበት በ1861 ከወጣው ሦስተኛ እትም አስወጣው።

በ1862 ቶምሰን የራሱን ስሌት ይዞ ቀረበ። ምድር መጀመሪያ ቅልጥ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ እየቀዘቀዘች ነው አለ። ወደ ምድር ውስጥ በተወረደ ቁጥር ሙቀት ምን ያህል እንደሚጨምር የሚያሳየውን ልኬት ወስዶ በፎሪየር የሙቀት ቀመር ውስጥ አስገባ። የምድር ዕድሜ 98 ሚሊዮን ዓመት ያህል፣ ቢያንስ 20፣ ቢበዛ 400 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ። በ1897 ደግሞ ይህን ወሰን ወደ 20 እና 40 ሚሊዮን አጠበበው።

ይህ ለዳርዊን ቀላል ፈተና አልነበረም። ለዋላስ በጻፈው ደብዳቤ ከከባድ ጭንቀቶቹ አንዱ መሆኑን ገልጿል። በ1872ቱ ስድስተኛ እትም ግን አንድ ብልህ ነጥብ አስፍሯል፤ የምድርን የውስጥ ክፍል ገና በሚገባ ስለማናውቅ ስለ ዕድሜዋ በእርግጠኝነት መናገር እንደሚያዳግት ብዙ ሊቃውንት እንደሚያምኑ ጠቀሰ።

ስሕተቱ የተደበቀውም እዚያው ነበር። በ1895 የቶምሰን የቀድሞ ረዳት የነበረው ጆን ፔሪ አንዲት እሳቤ ነቅሶ አወጣ። ቶምሰን ምድርን ሙቀት በውስጧ ቀስ ብሎ እንደሚተላለፍባት አንድ ወጥ ጠጣር አድርጎ ነበር የወሰዳት። የውስጡ ክፍል እንደሚንተከተክ ሽሮ፣ እጅግ በዝግታም ቢሆን፣ የሚገላበጥ ከሆነ ሙቀቱ ከጥልቁ ወደ ላይ ዘወትር ይደርሳል፤ ዕድሜውም በቢሊዮን ሊቆጠር ይችላል። በ1903 ራዲየም ሙቀት እንደሚያመነጭ ሲታወቅ፣ ቶምሰንን ያሳሳተው ይህን ሙቀት አለማወቁ ነው የሚለው ትረካ ተስፋፋ። ይሁን እንጂ በእርሱ ስሌት ላይ ይህ ሙቀት ቢጨመር መልሱ እምብዛም አይለወጥም። የራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ትልቁ ውለታ የአለት ዕድሜ መቁጠሪያ ሰዓት መሆናቸው ነው፤ በዚህ ሰዓት የምድር ዕድሜ 4.54 ቢሊዮን ዓመት ያህል መሆኑ ተረጋግጧል።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ስሌት አይታመንም» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ፔሪም ስሌቱን ያረመው በስሌት ነው። ዳርዊንም የዊልድን ግምት ያነሣው ማስረጃው ደካማ መሆኑን ተቀብሎ ነው። ትምህርቱ ሌላ ነው፤ ቀመር የሚፈጨው የተሰጠውን እህል ብቻ ነው። እህሉ እንክርዳድ ካለበት ወፍጮው የቱንም ያህል ቢሰላ ዱቄቱ አይጠራም።

ስለዚህ ይህ ታሪክ በባዮሎጂም በፊዚክስም ክፍል ሊነገር ይገባል እላለሁ። በፈተናዎቻችንም «ላማርክ ምን አለ?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ያንን ለማለት ምን ምክንያት ነበረው? ምን ማስረጃስ ጎደለው?» የሚል ይጨመር። የፊዚክስ ተማሪዎች የባዮሎጂን ጥናት ቁጥር አነሰው ብላችሁ አትናቁ፤ ከቅሪተ አካልና ከአለት ንብርብር የተሰበሰበው ማስረጃ ረጅም ዘመን ሲጠይቅ፣ እርሱም እንደ ቀመር ሁሉ ልኬት ነበር። የባዮሎጂ ተማሪዎችም ቀመር ባያችሁ ጊዜ አትሽሹ፤ መጀመሪያ «ምን ታሳቢ ተደርጓል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ደግሞ የሎርድነት ማዕረግ አያስፈልግም።