እግሩ የኛ፣ ጫማው የሰው

በረዶ በሌለበት አገር ስለ ስኪ ምን ያወራል ብላችሁ ቶሎ አትለፉኝ። የማወራው ስለ ዳገት ነው። ዳገት ደግሞ ለኛ ለሲ.ኤም.ሲ እና ለየካ ሰዎች ብርቅ አይደለም፤ ቀና ስንል እንጦጦ ነው።

ፍሪትዝ ባርተል የሚባል ኦስትሪያዊ አለ፣ የቲሮል ተራሮች ሰው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሞን ብላንን በስኪ ወጥቶ ሲመለስ እግሩ ላይ የተሸከመው ብረት አንገሸገሸው። ነገሩ እንዲህ ነው። በስኪ ተራራ የሚወጣ ሰው ለመራመድ ተረከዙ መነሳት አለበት፤ ሲወርድ ደግሞ ተረከዙ መታሰር አለበት። ሁለቱንም የሚሠራው የዚያን ጊዜ ማሰሪያ ከባድ ነበር፤ ሰውዬው በያንዳንዱ እርምጃ ብረቱን አብሮ ያነሳል። ባርተል አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ፦ ጫማው ራሱ ደረቅና ጠንካራ ሆኖ ሳለ ከሥሩ ሌላ ብረት ለምን ይነጠፋል? የጫማው አፍንጫ ላይ ግራና ቀኝ ትንንሽ ቀዳዳ፣ ማሰሪያው ላይ ሁለት ሹል ጫፍ፣ በቃ። እ.ኤ.አ. በ1984 ፓተንት አወጣበት። አምራቾቹ ወዲያው እጃቸውን ዘርግተው አልተቀበሉትም፤ በኋላ ዲናፊት የሚባለው ድርጅት ወሰደው። የፓተንቱ ዘመን ሲያልቅ ደግሞ ሌሎቹ አምራቾች ተሻምተው ያንኑ ሐሳብ ይሠሩት ጀመር። ዛሬ በስኪ ተራራ የሚወጣው ሰው አብዛኛው የዚያ ሰውዬ ቀዳዳ ባለውለታ ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ያዙልኝ። ዕቃውን የፈጠረው ዳገቱን በራሱ እግር የወጣው ሰው ነው። ቢሮ ተቀምጦ ያሰበው አይደለም።

እሺ፣ እንጦጦን ከኛ በላይ በእግሩ የሚያውቅ ማን አለ? ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የሚሮጠው የማን ልጅ ነው? የክረምቱ ቀይ ጭቃ፣ የባሕር ዛፉ ሥር፣ ድንጋዩ ጫማን የት ላይ እንደሚበላው የሚያውቀው ማን ነው? ታዲያ ለዚህ ዳገት ታስቦ እዚሁ የተሠራ፣ ሯጮቻችን የሚምሉበት የመሮጫ ጫማ ጥሩልኝ። እጠብቃለሁ።

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮምን በባዶ እግሩ አሸነፈ፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ደገመው፣ ጫማው የጀርመን ነበር። ስድሳ ዓመት ገደማ ቆይታችሁ ወደ በርሊን ኑ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2023 ትዕግስት አሰፋ 2፡11፡53 ገብታ የሴቶችን የማራቶን ክብረ ወሰን ሰበረች። እግሯ ላይ የነበረው 138 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ 500 ዶላር ይሸጥ የነበረ የአዲዳስ ጫማ ነው። ጫማዋን በእጇ ይዛ የተነሳችው ፎቶ ዓለምን ዞረ። እኛ በሷ አለቀስን፣ ባንዲራ አወጣን፤ ጫማው ግን በፎቶው ብቻ ከየትኛውም ማስታወቂያ በላይ ተሸጠ። አትሌቷን አልወቅስም፤ ምርጡን ዕቃ መምረጥ ሥራዋ ነው። የምወቅሰው ስድሳ ዓመት ሙሉ ምርጡን ዕቃ ለመሥራት አንድ ቀን እንኳ በቁም ነገር ያልተነሳነውን እኛን ነው።

«ለኛ አይሆንም፣ ካርቦኑ የለ፣ ፎሙ የለ፣ ዶላሩ የለ» የሚል ሰው እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት አለው፣ የለም። ግን ጎረቤት እንይ። ኬንያ ውስጥ እንዳ የሚባል የመሮጫ ጫማ ተፈጥሯል። ናቫላዮ ኦሴምቦ ከአጋሯ ጋር የጀመረችው ነው፤ የመጀመሪያውን ጫማ «ኢተን» ብለው በሯጮቻቸው ከተማ ስም ሰየሙት፤ መነሻ ገንዘቡንም እ.ኤ.አ. በ2016 ኢንተርኔት ላይ ከገዢዎች በቅድሚያ ሰበሰቡ። ሁሉንም ነገር ኬንያ ውስጥ መሥራት ስላልቻሉ የተወሰነውን ውጭ እያሠሩ፣ ቀስ በቀስ ሥራውን ወደ አገራቸው ማምጣት ያዙ። እነሱም ካርቦን አልነበራቸውም። ሁሉ ነገር እስኪሟላ ግን አልጠበቁም።

እኛም ጋ የሞከረች አለች። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 ዘነበወርቅ ሰፈር፣ በጥቂት ሠራተኛ ሶልሬብልስን ስትጀምር የያዘችው ሐሳብ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። በረባሶ ነው! አያቶቻችን ከመኪና ጎማ ቆርጠው ያደረጉት፣ አርበኛው የዘመተበት፣ ገበሬው ያረሰበት በረባሶ። እሷ ያንን ሶል ወሰደች፣ በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጨርቅ አለበሰችው፣ ቅርጹን አሳመረች፣ በራሷ ስም ለዓለም ሸጠች፤ ውጭ አገር ሱቅ እስከ መክፈት ደረሰች። «ጎማ መቁረጥ ምኑ ፈጠራ ነው?» የሚል ወሬ አሁንም እሰማለሁ። የባርተልም እኮ ቀዳዳ ነው! በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ነው። ጎማው መቶ ሺህ ሰው እጅ ላይ ነበር፤ ያየችው እሷ ናት።

አሁን ወደ በሽታው ልምጣ። በሽታችን የገንዘብ ብቻ አይደለም፣ የንቀት ነው። ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ብረት የሚሠራውን ቀጥቃጭ ብለን ስንሰድብ፣ ቡዳ ነው ብለን ልጃችንን ስንደብቅ የኖርን ሕዝብ ነን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጡት ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ አይተው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ስድቡ ቀንሷል፣ ንቀቱ ግን ሱፍ ለብሶ ቢሮ ገብቷል። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ለጭቃ የሚሆን ሶል ሠርቶ ለማሳየት ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ሄዶ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ «ውጭ አገር ተሠርቶ ያውቃል?» የሚል ነው። ተሠርቶ ቢያውቅማ ምኑን ፈጠራ ሆነ?

የሚገርመው ደግሞ የሰፈራችን ስም ነው። ሲ.ኤም.ሲ የጣሊያን ድርጅት ስም ምህጻር ነው፤ ትርጉሙም የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር እንደማለት ነው። «ሲ.ኤም.ሲ ነው የምኖረው» ብለን ደረታችንን የምንነፋው በግንበኞች ስም ነው ማለት ነው! የራሳችንን ግንበኛ ግን ቆመን አናናግረውም።

እና ምን ይደረግ? ባዶ ጩኸት እንዳይሆን አራት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ የአትሌቲክስ ክለቦች፦ ያለቀ ጫማ አትጣሉ። የት ቦታ እንደተበላ፣ በስንት ኪሎ ሜትር እንደሞተ ጻፉት፤ ጫማ ሰፊዎችን እና ወጣት መሐንዲሶችን ጠርታችሁ አሳዩአቸው። ይህ መረጃ ወርቅ ነው፣ እኛ ጋ በነጻ ይፈሳል።

ሁለተኛ፣ መምህራን ባልደረቦቼ፦ የመመረቂያ ፕሮጀክት መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚለብስ ተማሪው ዳገት ይውጣ፣ ጫማ ሰፊ ጎን ቁጭ ብሎ ይማር።

ሦስተኛ፣ እናንተ የምትሠሩ ልጆች፦ ሕጉን እወቁት። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለትልቅ ፓተንት ብቻ የወጣ አይደለም፤ አነስተኛ ፈጠራንም ያስመዘግባል። ጥበቃው 5 ዓመት ነው፣ ለተጨማሪ 5 ዓመት ይታደሳል። አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ማሰሪያ፣ አንድ ሶል ሊሆን ይችላል። ሳታስመዘግቡ ለማንም አታሳዩ።

አራተኛ፣ ሁላችንም፦ ዕቃ ስናነሳ «የት አገር ነው?» ከማለታችን በፊት «ይሠራል ወይ?» እንበል። ካልሠራ በግልጽ እንንገራቸው፣ አናቆላምጣቸው፤ ከሠራ ግን ዋጋውን እንክፈል። «የአገር ውስጥ ነው፣ ቀንስ» የምትለዋ ቃል ስንቱን ወርክሾፕ ዘጋች!

ስለ በረዶው ደግሞ፣ ቅር እንዳይላችሁ። ሮቤል ተክለማርያም የሚባል አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ በአገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ የክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያ ተወዳዳሪያችን ሆኗል፣ በ2010 ቫንኩቨርም ተመልሷል። በረዶ የለንም ብሎ ቤቱ አልተቀመጠም።

እኛ ደግሞ ዳገቱ አለን። እግሩ አለን። ቆዳው አለን፣ ጎማው አለን፣ ባለ እጁ አለን። ከዚህ በኋላ ጫማው የሰው ሆኖ ከቀረ ጥፋቱ የበረዶ አይደለም።