ሊምባ፥ በቅባት የተረፈች መርከብ

አሮጌ መርከብን ማደስ ቀለም መቀባት ብቻ የሚመስለው ሰው የሊምባን ታሪክ ይስማ። እርስዋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 በጀርመን አገር ተሠርታ፥ ክፍሎችዋ በሣጥን ታሽገው ወደ ታንጋኒካ ሐይቅ መጡ፤ በኪጎማም ተገጣጠመች። በ1916 ጀርመኖች ሲሸሹ በጠላት እጅ እንዳትወድቅ ራሳቸው አሰመጧት፤ መሐንዲሶቹ ግን አስቀድመው ሞተርዋን በወፍራም ቅባት ሸፍነውት ነበር። ብረትን የሚበላው ውሃና አየር ሲተባበሩ ነውና፥ ቅባቱ ሁለቱንም ከለከለ። እንግሊዞች በ1924 ባወጧት ጊዜ ሞተሩ ለሥራ የሚበቃ ሆኖ ተገኘ፤ በ1927ም ሊምባ ተብላ ሥራ ጀመረች። የሚያሰምጡትን ንብረት እንዲህ ተጠንቅቀው መቀባታቸው እጅግ ያስደንቀኛል፤ ስንቱ ሹም ሥራውን ሲያስረክብ የሣጥኑን ቁልፍ እንኳ ይዞ ይሄዳል! የእንፋሎቱ ሞተር በ1970ዎቹ ዓመታት በናፍጣ ሞተር ተተክቷል።